ሐምሌ ላይ የማይፈርስ የጸሎት ሥርዓት

ፍልሰታ ሲገባ ሌሊት ተነሥቶ ሰዓታት የሚቆም፣ ውዳሴ ማርያሙን ከነመልኩ የሚያደርስ፣ ከቅዳሴ የማይቀር ሰው በጎጃም ሞልቷል። የሚከብደው የጾሙ ፍቺ ማግስት ነው። ነሐሴ 16 ከተፈሰከ በኋላ መጽሐፉ ወደ ሳጥኑ ይመለስና የነቢያት ጾም ኅዳር 15 እስኪገባ ወጥቶ አይታይም። በትንሣኤም እንዲሁ ነው። 55 ቀን የጸና ሰው በበዓለ ሃምሳው አቡነ ዘበሰማያትን እንኳ በችኮላ ብሎ ይተኛል።

ይህን ሁሉ በስንፍና ማሳበብ አይገባም። በጾም ወራት ደወሉ ይጠራል፣ ጎረቤቱ ይጾማል፣ እቤት ውስጥ ወተትና ቅቤ አይቀርብም። ያ ሁሉ ድጋፍ ጾሙ ሲፈታ ይነሣል። በድጋፉ ልክ የተቆረጠ ሥርዓትም ብቻውን መቆም ያቅተዋል። ስለዚህ የግል ጸሎት መጠን መቆረጥ ያለበት ሥራ በሚበዛበት ወር ልክ ነው። ለጎጃም ገበሬ ያ ወር ሐምሌ ነው፤ ጤፍ ይዘራል፣ በቆሎና ዳጉሳ ይታረማል፣ በወንፈል የተበደሩት ጉልበት ይመለሳል፣ ዝናቡም ፋታ አይሰጥም። በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ ለሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ በጀት የሚዘጋበት ሰኔ ሊሆን ይችላል፤ ለተማሪ የፈተናው ሰሞን ነው። በዚያ ወር ሊደረግ የማይችል ነገር ከመጀመሪያውም በሥርዓቱ ውስጥ አይግባ።

የሚጀመርበትን ቀንም በዓል ላይ አታድርጉት። መስከረም 1፣ ጥምቀት ወይም የዐቢይ ጾም መግቢያ ልብን ያሞቃል፤ ሙቀቱ ሲበርድ ግን ሥርዓቱም አብሮ ይበርዳል። ምንም በዓል የሌለበት ተራ ማክሰኞ ይሻላል።

ከሰባቱ ሁለቱን

ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» ከሚለው ከመዝሙር 118፥164 የመጡ ናቸው። ነግህ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ሠለስት 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓት፣ ተሰዓት 9 ሰዓት፣ ሠርክ 11 ሰዓት፣ ንዋም ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ መንፈቀ ሌሊት ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። እያንዳንዱ የሚታሰብበት ነገር አለው፤ በሠለስት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ ወረደ፣ በቀትር ጌታ ተሰቀለ፣ በተሰዓት ነፍሱን ሰጠ፣ በሠርክ ወደ መቃብር ወረደ።

ጀማሪ ሰባቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲይዝ የሚሆነው ይታወቃል። ሦስተኛው ቀን ላይ ሠለስት ያመልጠዋል፣ አምስተኛው ቀን ላይ ተሰዓት፤ «ከሆነ አይቀር ሙሉ ይሁን» የሚለው ሐሳብ ይመጣና ሁሉም ይቀራል። ነግህንና ንዋምን በሙሉ ጸሎት ያዙ። ቀትርና ሠርክ ላይ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ብቻ ይበቃል፦ በሬዎቹ ሲፈቱ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ከብቱ ወደ በረት ሲገባ ከደጅ፣ ወይም ከቢሮ ሲወጣ ታክሲ እየጠበቁ። ሁለት ወር ሳይቋረጥ ከሄደ በኋላ ሠርክን ማስፋት ይቻላል። መንፈቀ ሌሊትን ከንስሐ አባት ጋር ሳይነጋገሩ አለመጨመር ነው፤ ቀን ሞፈር የሚይዝ ወይም መኪና የሚነዳ ሰው እንቅልፉን ሲያጣ የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም።

የጠዋቱ ቅደም ተከተል

ፊት መታጠብ ይቀድማል። ስልክ ከጸሎት በኋላ ይከፈት፤ የጸሎት መጽሐፉን በስልክ የሚያነብ ሰው ኢንተርኔቱን ያጥፋ፣ አለዚያ መዝሙሩ መሐል የመልእክት ድምፅ ይመጣል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ ነጠላ ለብሶ መቆም። ሥዕለ አድኅኖው የሚሰቀለው በምሥራቁ ግድግዳ ነው። አንድ ክፍል ባለው ቤት ከቴሌቪዥኑ በላይ መስቀል ቦታ ለመቆጠብ ጥሩ ይመስላል፤ ማታ ሁሉም ዓይኑን ወደዚያ ሲያዞር የትኛውን እንደሚያይ ግን ግልጽ ነው። ሌላ ማዕዘን ፈልጉለት፣ መጋረጃም አድርጉለት።

ማማተብ ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ነው። በችኮላ ደረት ላይ ዝንብ እንደማባረር የሚደረገው ማማተብ የተለመደ ጥፋት ነው፤ እጁ አራቱንም ቦታ ይንካ። ከዚያ የዘወትር ጸሎቱ ይከተላል፦ በስመ አብ ተብሎ ምስጋናው፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት። ቀጥሎ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ነው፤ ከሰኞ እስከ እሑድ ለሰባቱ ቀን ተከፍሎ የተዘጋጀ ስለሆነ ምረጡ የሚል ጣጣ የለበትም። መዝሙረ ዳዊት ይከተላል፣ በመጨረሻም የራስ ልመና። ማንበብ የለመደ ሰው ይህን ሁሉ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ያደርሰዋል።

አጭሩን መጠን አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። «ዛሬ ጊዜ የለኝም፣ ምን ልተው?» ብሎ ጠዋት መወሰን ከጀመሩ ሁሉንም መተው ቀላሉ ምርጫ ይሆናል። የዘወትር ጸሎቱና አንድ መዝሙር፣ 10 ደቂቃ የማይሞላ፣ የሐምሌው ልክ ይሁን። ከእርሱ በታች ግን አይወረድም፤ ታማችሁ ተኝታችሁም ቢሆን አቡነ ዘበሰማያት ይባላል።

«እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ የሚባል ከሆነ መቁጠሪያ ያዙ። በጣት ሲቆጠር ሐሳብ ወደ ቁጥሩ ይሄዳል። ፍጥነቱ የሚታወቀው በትንፋሽ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ሦስት አራት ጊዜ ከተባለ ቃሉ አልተሰማም። ስግደት ለሚጨምር ሰው ደግሞ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓለ ሃምሳ እንደማይሰገድ አይርሳ። ነፍሰ ጡር፣ ወገቡን ወይም ጉልበቱን የሚያመው ሰው አንገት ዝቅ አድርጎ መስገድ ይበቃዋል።

መብራት ለሌለበት ቤት አንድ ነገር፦ ጧፍ በሣር ክዳን ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም። አሸዋ ወይም አመድ ያለበት ቆርቆሮ ላይ ተተክሎ፣ ከመጋረጃና ከመጽሐፉ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። እንቅልፍ የሚጫነው ሰው በባትሪ ያንብብ።

ዳዊቱን በወሩ ቀን መቁጠር

መዝሙረ ዳዊት 150 መዝሙር ነው፤ እያንዳንዱ አሥር መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላልና ጠቅላላው 15 ንጉሥ ነው። የተለመደው የሳምንት አከፋፈል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ሲሆን እሑድ የነቢያትና የሰሎሞን መኃልይ ይደገማል። ይህ ካህናቱና ዳዊት የደገሙ ሰዎች የሚይዙት ነው። ሠራተኛ ሰው ሰኞ ጠዋት ሦስት ንጉሥ ልድገም ሲል ወይ ሥራው ይቀራል ወይ ዳዊቱ።

የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ ግን ትልቅ እርዳታ ነው። በቀን አምስት መዝሙር ከተነበበ ዳዊቱ በወር አንድ ጊዜ ያልቃል፤ የት እንደደረሱ ለማወቅም ምልክት አያስፈልግም። የወሩን ቀን በ5 ማባዛት ነው፤ የሚመጣው ቁጥር የዕለቱ የመጨረሻ መዝሙር ነው። በሚካኤል፣ በ12፣ 12 በ5 ሲባዛ 60 ይሆናልና ከ56 እስከ 60 ይነበባል። በማርያም፣ በ21፣ ከ101 እስከ 105 ነው። ከባዱ ቀን 24 ነው፤ ከ116 እስከ 120 ያለው ውስጥ 176 ቁጥር ያለው መዝሙር 118 ይገኛል። እርሱ ስምንት ስምንት ቁጥር እየሆነ በ22 ክፍል የተከፈለ ስለሆነ ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን ማታ ማድረግ ይቻላል። ጳጉሜን ሲመጣ ከዳዊቱ ጋር አብረው የታተሙት 15ቱ መኃልየ ነቢያት በቀን ሦስት ሦስት ሆነው በአምስቱ ቀን ያልቃሉ፤ ጳጉሜን 6 በሆነበት ዓመት መኃልየ መኃልይ ይጨመራል።

የቁጥር መምታታት እንዳይገጥማችሁ ተጠንቀቁ። በቤተ ክርስቲያን ዳዊትና በቀድሞው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው መዝሙር 22 ነው፤ በአንዳንድ አዳዲስ ትርጉሞች ግን 23 ሆኖ ይገኛል። አብዛኛው መዝሙር በአንድ ቁጥር ይለያያል። ካህኑ «50ኛውን ድገም» ሲሉ «አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» የሚለውን ማለታቸው ነው፤ 51 ተብሎ ብታገኙት መጽሐፉ ተሳስቷል ብላችሁ አትጣሉት።

በግእዝ ወይስ በአማርኛ? ትርጉሙን የማያውቅ ሰው ለብቻው ሲጸልይ በአማርኛ ያንብብ። ግእዝ መማር የሚፈልግ ደግሞ ጎጃም ላይ መምህር አያጣም፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔና የመጻሕፍት አገር ናቸው፤ በየደብሩም የንባብ መምህር የሆኑ የኔታ ይገኛሉ። በሳምንት አንድ መዝሙር ብቻ ይዞ የኔታ ፊት ማንበብ፣ የንባቡን አነሣሥና አጣጣል፣ ተነሹን ከወዳቂው፣ ሰያፉን ከተጣዩ እንዲለዩለት ማድረግ ነው። ለብቻ የተለመደ የተሳሳተ ንባብ በኋላ ለማቃናት እጅግ ያስቸግራል።

የእጅና የአደራ ነገር

እግዚአብሔርን መታመን ሲባል ብዙ ጊዜ ስሜት ተደርጎ ይነገራል። ጭንቀት በተግባር የሚመጣው ግን ሁለት ነገሮች ሲደባለቁ ነው፤ ሰው በእጁ ያለውን ሥራ ትቶ በእጁ የሌለውን ሲያወጣና ሲያወርድ ያድራል። ስለዚህ ከጠዋቱ ጸሎት መጨረሻ ላይ ያስጨነቀውን ነገር ለሁለት መክፈል ይጠቅማል። ደብተር ያለው በደብተር፣ የሌለው በቃሉ።

ጤፍ የዘራ ገበሬን እንውሰድ። ማሳውን ደጋግሞ ማረስና ማለስለስ፣ ንጹሕ ዘር መምረጥ፣ ውሃ እንዳይተኛ ቦይ ማውጣት፣ በጊዜ ማረም የእጁ ነው። ዝናቡ መቼ እንደሚያቆም፣ በረዶ መምጣት አለመምጣቱ፣ ኅዳር ላይ የጤፍ ዋጋ ስንት እንደሚሆን አደራ ነው። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ የምሥራቁን ቦይ አወጣለሁ፤ በረዶውን ለአንተ ሰጥቻለሁ» ብሎ መጸለይ «ሁሉንም አንተ ታውቃለህ» ከሚለው ጥቅል ጸሎት ይበልጥ ያሳርፋል፤ ሥራውንም ያስነሣል። ልጁ 12ኛ ክፍል ለሚፈተን ወላጅ ማስጠናቱ፣ መብራቱ፣ ከከብት ጥበቃ ነጻ ማድረጉ እጅ ነው፤ ውጤቱ አደራ። ብድር ያለበት ሰው አበዳሪው ዘንድ ቀርቦ ቀኑን ማስረዘሙ እጅ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይህን ፈርቶ ይሸሽና ተአምር ሲጠብቅ ይከርማል። ይህን መታመን ብለን አንጥራው።

ማታ በንዋም ጸሎት ደብተሩ ይታያል። የእጁ ድርሻ ተሠርቷል? ካልተሠራ ነገ ይሠራል። አደራው ተመልሶ ወደ ጭንቅላት ገብቷል? ከገባ እንደገና ይሰጣል፤ አሥር ጊዜ ቢመለስ አሥር ጊዜ ይሰጣል። በማቴዎስ 6፥34 «ለነገ አትጨነቁ» ያለው ጌታ እዚያው ምዕራፍ ላይ የዕለት እንጀራን እንድንለምን አስተምሮናል። ልመናው የአንድ ቀን እንጀራ ስለሆነ አደራውም በየቀኑ ይታደሳል።

በሌሊት ፍርሃት ለሚነሣበት ሰው አስቀድሞ የተመረጡ መዝሙሮች ይኑሩት፦ 22፣ 26፣ 90 እና 120። 120ኛው ስምንት ቁጥር ብቻ ስለሆነ በቃል ለመያዝ ይቀላል፤ በሳምንት ውስጥ ይያዛል። በጨለማ ገጽ ከማገላበጥ በቃል የያዙት ይደርሳል።

ስለት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስለት የምስጋና ቃል ኪዳን ነው፤ ገበያ ላይ እንደሚደረግ ክርክር «ይህን ከሰጠኸኝ ይህን እሰጥሃለሁ» ተብሎ ሲያዝ፣ የተለመነው ሲዘገይ እምነቱም ይሰበራል። ሊከፈል የሚችል ነገር ተሳሉ፣ ለየትኛው ደብር እንደሆነ ለቤተሰብ ንገሩ፣ የሚገባበትንም በዓል ወስኑ። ወይፈን ተስሎ ዓመት ዓመት ሲያንከባልል ከሚኖር ጧፍና ዕጣን ተስሎ በወሩ የሚያገባ ይሻላል። መክብብ ምዕራፍ 5 ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳልን ይመርጣል።

ሕመም ሲመጣ ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል፣ መድኃኒትንም ከምድር አውጥቷል ይላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በተለመደው ሕክምና 6 ወር ይወሰዳል፤ ሁለት ወር ላይ ሳሉ ሲተው «ጠበሉ አዳነኝ» ብሎ ማቋረጥ ሕመሙ መድኃኒቱን ለምዶ እንዲመለስ ያደርጋል። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታና የኤችአይቪ መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ጠበል የሚጠጣ ሰው ክኒኑን በጠበሉ መዋጥ ይችላል። የሚቆረጠው ወደ ጠንቋይ ቤት የሚወስደው መንገድ ነው፤ «ማን እንዳደረገብህ ልንገርህ» የሚል ሰው ከሕመሙ በላይ የጎረቤት ጠላትነት ሸጦ ይልካል።

ረቡዕና ዓርብ

የሳምንቱ ጾም ሁለት ቀን ነው፣ ከበዓለ ሃምሳ በቀር፤ ልደት ወይም ጥምቀት ሲውልባቸው ደግሞ የራሱ ሥርዓት ስላለው ካህኑን መጠየቅ ነው። እስከ 9 ሰዓት ውሃም ሳይቀመስ ይቆያል። ከባድ ሥራ ያለበት ሰው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾም በራሱ ከሚቆርጥ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከካህኑም ከሐኪሙም ጋር ይነጋገሩ።

ጾም የሚበላሽባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፣ ሁሉም ይታወቃሉ። አንዱ ጠላና አረቄ ነው፤ ከወተትና ከቅቤ የራቀ ሰው በባዶ ሆዱ አረቄ ሲጠጣ ጾሙን በስካር ይፈታዋል። ሌላው 9 ሰዓት ላይ የሁለት ሰው ምሳ መብላት ነው። ባቄላ ንፍሮ፣ የተልባ ወይም የሱፍ ፍትፍት፣ ሽሮና ጎመን ሆድ ይይዛሉ፤ ከእነዚህ አንዱ በቂ ነው። ሦስተኛው ቁጣ ነው። ቡና ያልጠጣ ሰው ከ4 ሰዓት በኋላ ራሱን ያመዋል፣ ይነጫነጫል፤ ረቡዕ የሚቆጣ ሰው ሰኞና ማክሰኞ ስኒውን ቀስ በቀስ ይቀንስ። ያልተበላው ቁርስና ምሳ ዋጋ ደግሞ የድሃ ነው። ቤት ውስጥ አንድ ጣሳ አስቀምጦ በየጾሙ ቀን አንድ ጭብጥ እህል ወይም የምሳውን ብር መጣል ጾሙን ከምጽዋት ጋር ያስራል።

«በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በደጅ ለሚቆመው የቆሎ ተማሪ አስቀድሞ ውሻውን እሰሩለት። ወጥ የነካው እንጀራ በአኩፋዳ ውስጥ ይበላሻል፤ ደረቅ እንጀራ፣ ድርቆሽ ወይም ቆሎ ይሻለዋል። የሻገተ መስጠት አይገባም፤ ለከብት የሚጣለውን ለእመቤታችን ስም አይሰጡም።

በገበያና በድንበር ላይ

ጠዋት ዳዊት ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ላይ ጤፉን ከአሸዋ የሚቀላቅል ሰው ምሳሌ 11፥1 ስለ ሐሰተኛ ሚዛን የሚለውን ያንብብ። በጎጃም የሚታወቁት ፈተናዎች የተቆጠሩ ናቸው፦ ማር ላይ ስኳር፣ ቅቤ ላይ ባዕድ ነገር፣ ጤፍ ላይ አፈር፣ በርበሬ ላይ ውሃ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሞፈሩን በየዓመቱ አንድ ትልም ወደ ጎረቤት ማሳ ማስጠጋት። የድንበር ነገር በዘዳግም 27 እርግማን የተነገረበት ነው፤ በአገራችንም የብዙ ደም መነሻ ነው። ድንበሩን ገፍቻለሁ ብሎ የሚጠራጠር ሰው ከእርሻ በፊት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ባለማሳውን ጠርቶ ሁለት ሽማግሌ ባሉበት ድንጋዩን መልሶ ይትከል። ሰብል ከበቀለ በኋላ የሚነሣ ክርክር አይበርድም።

የተጣላ ሰው ካለ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ያለውን የማታው ጸሎት መለኪያ አድርጉት። ትንሹ ጠብ የዚያኑ ምሽት ይፈታ። ትልቁ፣ በተለይ ደም ያለበት፣ በአንድ ሰው ድፍረት አይፈታም፤ ካህንና ሽማግሌ ያስፈልጋል። እስከዚያው የባላንጣውን ስም በጸሎት መጥራት ይጀመር። መጀመሪያ ላይ ስሙ ከአፍ አልወጣ ይላል። ክርስትና ስሙን ብቻ ጠርቶ ማለፍም ለጊዜው ይበቃል።

አሥራትን በተመለከተ ስሌቱ ቀላል ነው። 20 ኩንታል በቆሎ ያገባ 2 ኩንታል፣ 8,000 ብር በእጁ የደረሰው 800 ብር። የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። ከአውድማ ሲነሣ ካልተለየ፣ «ዋጋው ሲጨምር እሸጥና» ሲባል፣ ጎተራው እየጎደለ ይሄዳል። ደመወዝተኛም በገባበት ቀን ይለየው። ለነዳያን የሚሰጠው ምጽዋት ከዚህ ውጭ ነው፤ አሥራቱን ለዘመድ ረድቶ ተከፍሏል ብሎ መቁጠርን ከንስሐ አባት ጋር ሳይነጋገሩ አታድርጉ።

ንስሐና ቁርባን

ንስሐ አባት ዘንድ በዓል ቀን ሰልፍ ላይ ቆሞ መናዘዝ ይቻላል፣ ግን ጥሩ አይደለም። ገበያም በዓልም ባልሆነ ቀን ቀጠሮ ያዙ፤ ስልክ ለቀጠሮው ይጠቅማል፣ ለኑዛዜው ግን ፊት ለፊት ቅረቡ። ከመሄድ በፊት በነበረው ማታ አሥርቱን ትእዛዛት አንድ በአንድ እያነሡ ራስን መመርመር፤ ኃጢአቱን በስሙ መጥራት፤ የባልን፣ የሚስትን፣ የጎረቤትን ጥፋት ይዞ አለመሄድ። ብዙ ኑዛዜ ሳይታወቅ ክስ ይሆናል።

ቀኖናው ሲሰጥ ሊፈጸም የማይችል ከሆነ እዚያው ተናገሩ። ሐምሌ ላይ 100 ስግደት በየቀኑ የማይችል ገበሬ «እሺ አባ» ብሎ ወጥቶ ካልፈጸመው፣ ከካህኑ መሸሽ ይጀምራል። «አባ፣ ዳዊት ላድርግልዎ ወይስ ምጽዋት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ለሚቆርብ ሰው 18 ሰዓት ከምግብና ከውሃ መከልከል አለበት። እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለመቁረብ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ምንም አይቀመስም ማለት ነው። ቅዳሜ ገበያ የሚውል ሰው ምሳውን በ8 ሰዓት ይጨርስ፤ ሻይ ቤት መቀመጥ ልማድ ሆኖበት ስንቱ ረስቶ አፉን ያረክሳል። የቅዳሴው ግእዝ ያልገባው ሰው ግእዝና አማርኛ ጎን ለጎን የታተመውን መጽሐፈ ቅዳሴ ይዞ መግባት ይችላል፤ ከሁሉ በፊት ግን የሕዝቡን ተሰጥኦ፣ ማለትም ሕዝቡ ለካህኑ የሚመልሰውን ቃል፣ ይልመድ።

የወር በዓላት የተለየ ነገር አላቸው። በገጠሩ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም በሬ አይጠመድም። እጅ ያረፈበት ቀን ምን ይሠራበታል የሚለው ግን አስቀድሞ ካልታሰበ አረቄ ቤት ይወስደዋል። የታመመ መጠየቅ፣ የመበለቲቱን አጥር ማጠር፣ ልጆችን የወንጌል አንድ ምዕራፍ ማስነበብ የበዓል ሥራ ነው። ከልጆች ጋር የሚደረግ የማታ ጸሎት ከ8 ደቂቃ አይብለጥ፤ ትንሹ ልጅ አቡነ ዘበሰማያትን ይምራ፣ ሌላው ይከተል። ሲስት አታቋርጡት፣ ካለቀ በኋላ አስተካክሉለት።

ሲቋረጥ

መንገድ ሲዘጋ፣ ሐዘን ሲመጣ፣ ጉዞ ሲበዛ ሥርዓቱ ይቋረጣል። ሦስት ቀን ያመለጠው ሰው 15 መዝሙር ዕዳ አለብኝ ብሎ በአንድ ጠዋት ለመክፈል ይሞክራል፤ እርሱም ያቅተዋል፣ አራተኛው ቀንም ያመልጠዋል። ያመለጠ መዝሙር አይከፈልም። ቤተ ክርስቲያን መድረስ ያልቻለ ሰው በቅዳሴው ሰዓት ቤቱ ውስጥ ወደ ምሥራቅ ቆሞ የዕለቱን ውዳሴ ማርያምና አንድ የወንጌል ምዕራፍ ያንብብ። በሌላው ቀን ወሩ ስንት እንደሆነ ተመልክቶ ከዚያው መቀጠል ነው፤ 17 ከሆነ ከ81 እስከ 85።